የመሪጌታ ጾመኛ እንሽላሊት

የደብረ ታቦር ሰው ሆይ፣ ሥራህን አስቀምጥና ጆሮህን አቅና! ከጉና ተረተር እስከ እብናት ቆላ ያለኸውም እንደዚሁ። ቁመቱ ከነጅራቱ አንድ ስንዝር፣ ክብደቱ ከአንድ ጭብጥ ገብስ የማይበልጥ፣ ዐይኑን ከታች ወደ ላይ የሚከድን፣ ርስት የሌለው፣ ግብር የማይገብር፣ ለዘመቻ ያልተጠራ፣ ክቡር ቆላዬ፣ በመሪጌታ ቀለመወርቅ ቤት በሙዳይ ውስጥ ነዋሪ የሆነው እንሽላሊት፣ ዘንድሮ ሁዳዴን እንደ ክርስቲያን ጾሟል። በጾሙም ጽናት ለጥቂት ሳይሞት ቀርቷል። ይህ ይታወቅ፤ ያወቀም ለጎረቤቱ ከመንገሩ በፊት እስከ መጨረሻው ይስማ።

አዋጁ እዚህ ላይ አለቀ። ጉዱ ግን ገና ነው፤ የጉዱም ባለቤት እንሽላሊቱ ሳይሆን አንድ አፍንጫ ነው።

በየአጥቢያው አንድ አፍንጫ አለ። የሌለበት አጥቢያ አይቻለሁ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየን፤ ጎጇችንን ነቅለን ወደዚያ እንሄዳለን። ሌላው ሰው አፍንጫ የተሰጠው ሊተነፍስበት ነው። ይህ ሰው ግን በጎረቤቱ ድስት ላይ ሊፈርድበት የተሰጠው ይመስለዋል። ረቡዕና ዓርብ የማን ቤት ጭስ እንደ ወፈረ፣ የማን ልጅ ከንፈር እንዳብረቀረቀ፣ የማን ላም ታልባ ወተቱ የት እንደ ገባ ያውቃል። ባያውቅም ይናገራል። ስለ ራሱ ድስት ብትጠይቁት ግን ጸሎት ላይ ነው።

የእኛው አፍንጫ መሪጌታ ቀለመወርቅ ናቸው። የአፍንጫ ደጃዝማች፣ የቅቤ ባላጋራ፣ የሰው ጾም አጋፋሪ! ሥራቸው ብራና ፍቆ መጻፍ ነው፤ ጽሕፈታቸው ያማረ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከተማችን ንጉሡ ሲሠፍሩባት በድንኳን ትጣበባለች፣ ሲዘምቱ ባዶ ሜዳ ትሆናለች፤ ከጋፋት በኩል ደግሞ የመድፍ ሠሪዎቹ መዶሻ ከጠዋት ጀምሮ ሲቀጠቅጥ ይውላል። በዚህ ሁሉ ግርግርና ጭስ መካከል የመሪጌታ አፍንጫ የአንዲትን ማንኪያ ቅቤ መንገድ አይስትም። አንበሳሜ ላይ ቅቤ ቢነጠር እዚህ ያስነጥሳቸዋል። ያን ጊዜ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው አንዲት ቃል ይናገራሉ፦ «ሽታው ደረሰኝ!»

አንድ ዓርብ አያሌው የሚባል ወታደር ከድንኳኑ ደጅ እሳት አንድዶ አጎንብሷል። መሪጌታ ከመንገዱ ወዲያ ቆመው አፍንጫቸውን አቀኑ።

«ሽታው ደረሰኝ! አንተ ወታደር፣ በዓርብ ቀን በሬ ትጠብሳለህ?»

«በሬስ በሬ ነበር፣ መሪጌታ» አለ አያሌው፤ ቀና ብሎም የያዘውን አሳያቸው። ዝናብ የመታው የበሬ ቆዳ ጋሻው ነው፤ ሊያደርቀው ብሎ ጠርዙን አሳርሮታል። «ይቅመሱ እንጂ! ጥርስ ከተረፈልዎ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ኩታውን ተከናንቦ ይሄድ ነበር። ማፈር የሚባለውን ነገር ግን መሪጌታ ለሌላው ሰው የተፈጠረ አድርገው ነበር የሚቆጥሩት። «ዋናው ማሰብህ ነው» አሉት፤ ጥምጥማቸውን አስተካክለውም መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይቺ ሁለተኛዋ ቃላቸው ናት። የመጀመሪያዋ በተሳሳተች ቁጥር ሁለተኛዋ ትከተላታለች።

በዚህ ሁሉ እንስቅ ነበር። የአምናው ነገር ግን ለሳቅ አልተመቸም።

አምና በሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። የመሪጌታ የአጥር ጎረቤት ፈንታነሽ ሁለት ላሞችና አንዲት አሮጊት እናት አሏት። እናቲቱ እሜት አበበች ታመው፣ ጉሮሯቸው እህል አልወርድ ብሎ ተኝተው ነበር። አንድ ጠዋት ፈንታነሽ ከበረት ወደ ቤት ስትሻገር ዋንጫ በነጠላዋ ሸፍና ይዛለች። መሪጌታ ከአጥሩ ማዶ ነበሩ።

«የታመመ አለብኝ፣ መሪጌታ» አለቻቸው፤ ሳይጠይቋት።

መሪጌታ ዋንጫውን እያዩ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ተነፈሱ፣ በቃ።

በደጀ ሰላማችን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አህያ የጠፋበት፣ ተዝካር የሚጠራ፣ መልእክት ያለው ሰው ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ላይ ቆሞ ይናገራል። እሑድ መሪጌታ ወጡበት። «ሽታው ደረሰኝ! በዚህ አጥቢያ፣ በሁዳዴ፣ ወተት የሚጠጣበት ቤት አለ። ስም አልጠራም። ደጁ ላይ ግን ኮሶ ዛፍ አለበት።»

ደጁ ላይ ኮሶ ዛፍ ያለበት ቤት አንድ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ፈንታነሽን አየ። ሁሉም ስንል ይህን የምንጽፈውም ጭምር ነን። ፈንታነሽ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ ወጣች። እሜት አበበች ነገሩን ሲሰሙ ወተቱን አስደፉ። ከበሽታው በራሱ ጊዜ ተነሡ፤ ከነገሩ ግን አልተነሡም። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልረገጡም። ደወሉ ሲደወል መደባቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀድሳሉ። «ያየኛል ሰው» ይላሉ፣ ሌላ ነገር አይሉም። መሪጌታ ይህንንም ሰምተው ነበር። «ዋናው ማሰባቸው ነው» ብለው አለፉት።

ጥቅምት ላይ ከእብናት ገበያ አንድ ጥቅል የፍየል ቆዳ መጣላቸው። ጥቅሉን ሲፈቱ ከእጥፉ ውስጥ አንድ እንሽላሊት ዱብ አለ። ከቆላ ሙቀት ተነሥቶ የጉና ብርድ መትቶት እንደ እንጨት ደርቋል። መሪጌታ ሊጥሉት በመዳፋቸው አነሡት። ከበሩ ሳይደርሱ መዳፋቸው አሞቀውና አንዱን ዐይኑን ከፈተ፤ ቀና ብሎም አያቸው። መሪጌታ በዚያ መንደር ሲያልፉ ሰው ሁሉ ዐይኑን ይሰብራል፣ ድስት ይከድናል፣ አፉን ይጠርጋል። ሳይፈራ ያያቸው ፍጥረት ከሚስታቸው ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አልጣሉትም። የሚስታቸውን ሙዳይ አውርደው፣ ጥጥ ጎዝጉዘው፣ ከተቱት። «ቆላዬ» አሉት። ወዲያው ደግሞ የሰማ ሰው እንዳለ ዘወር ዘወር ብለው አዩ።

ማፈር ያን ቀን መጣባቸው። ብራና ጸሐፊ እንሽላሊት ያሳድራል ቢባል በማግስቱ ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ፤ አስማት ነው፣ ሥራይ ነው፣ የማንን ላም ሊያነጥፍበት ይሆን ይባላል። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ያ የመንደሩ አፍንጫ፣ በምድር የሚሳብ ነገር ይወዳል ቢባልስ? ስለዚህ ማንም ሳይጠይቃቸው መልስ አዘጋጁ፦ ዝንብ ባልደረቀ ቀለም ላይ እየሄደ ጽሕፈት ያበላሻል፣ ይህ የዝንብ ዘበኛ ነው። መልሱን ለጠዋትም ለማታም አጠኑት። የሚጠይቅ ሰው ግን አልመጣም፤ ወደ መሪጌታ ቤት ማን ይሄዳል?

አያያዙን የተማሩት እየተሳሳቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ላይ ያሰጡታል፤ ካልሞቀ አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ አይበላም። ፀሐይዋ ስትዞር ድንጋይ ይቀይሩለታል። ምሽት ላይ ሙዳዩን ወደ ምድጃው ያስጠጋሉ፣ ደግሞ በዛ ብለው ያርቃሉ፣ ደግሞ በረደው ብለው ያስጠጋሉ። አንድ ቀን ሊያመልጥ ሲል በጅራቱ ቢይዙት ጅራቱ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ቀርቶም ለብቻው ይፈራገጥ ጀመር። መሪጌታ ብራናቸውን ጥለው እስከ አጥሩ ሮጡ። ጅራቱ ቆይቶ በቅሏል፣ መልኩ ግን ከፊተኛው ደብዘዝ ያለ ነው። በአዋጁ የተነገረው አንድ ስንዝር ይህን ሁለተኛ ጅራት ጨምሮ ነው።

ጥር ላይ ቆዳው እንደ አሮጌ ብራና ይላጥ ጀመር። «ለምጽ!» ብለው ደነገጡ። ጠበል አምጥተው፣ በወይራ ቅጠል እየነከሩ፣ ጸሎት እየደገሙ ረጩት። ቆላዬም ምላሱን አውጥቶ ከቅጠሉ ጫፍ የተንጠለጠለውን ጠብታ ላሰ። ሌላውንም ላሰ። ሰባት ጠብታ ጠጣ። መሪጌታ አለቀሱ፤ እምነቱ አስለቀሳቸው። ነገሩ ግን ጥም ነበር፤ በዋንጫ ያስቀመጡለትን ውኃ ከመጣ ጀምሮ አላየውም፤ ውኃ መሆኑን አላወቀም። ቆዳውም በራሱ ጊዜ ወልቆ ከሥሩ አዲስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በቅጠል ያንጠባጥቡለታል። ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ጣታቸውን ቢሰጡት በአራት እግሩ ጨብጦ ይይዛቸዋል። እንዲህ ተጨብጦ የተቀመጠ እጅ ሊጽፍ አይችልም፤ ዘንድሮ የመሪጌታ ሥራ የዘገየው ለዚህ ነው። ለባለ መጽሐፉ ግን «ወገቤን አሞኝ» ብለውታል።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በቅበላ ዕለት መሪጌታ ፌንጣ በጭብጥ አምጥተው አበሉት። «ብላ፣ የሰው አገር ሰው። ነገ ይቀራል» አሉት። ነገም ቀረ። በክርስቲያን ቤት እያደረ፣ የክርስቲያን ምድጃ እየሞቀ፣ ጠበል የቀመሰ ፍጥረት በሁዳዴ ሥጋ ይብላ? ዝንብስ ሥጋ አይደለም? የነነዌ ከብቶች ሦስት ቀን ጾመዋል፤ አንድ እንሽላሊት አምሳ አምስቱን ምን ይከለክለዋል? እንዲህ ብለው በሙዳዩ ላይ ሻሽ አሰሩበት፤ ዝንብ ሾልኮ ገብቶ እንዳያስገድፈው።

አላስራቡትም፤ ይህን ስማቸውን ለማጥፋት የምትቸኩሉ ልብ በሉ። ሽምብራ ዘፍዝፈው ሰጡት። ተልባ ወቅጠው ሰጡት። ሁሉንም ፊቱን ሲያዞርበት በሶ ለውሰው በጣታቸው ዝንብ ሠሩለት። በሽንኩርት ልጣጭ ክንፍ አወጡለት! ያ የብራና ጌጥ ሐረግ መሣል የለመደ እጅ፣ ዐይኑንና እግሩን ሳይቀር ሠርቶ፣ አምስት የበሶ ዝንቦች በድንጋዩ ላይ አሰለፈ። ቆላዬ አያቸው፤ ዐይኑንም ከታች ወደ ላይ ከደነ።

መሪጌታ ደስ አላቸው። «አክፍሎት ነው» አሉ። በሰባተኛው ቀን አደነቁት። በሁለተኛው ሳምንት ከደብሩ ካህናት ጋር እያነጻጸሩት በልባቸው ይስቁ ነበር፤ «እናንተ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሆዳችሁን ታሻሻላችሁ፣ ይህን እዩ!» ጎድኑ ሲቆጠር እንደ ባሕታዊ ሆነ አሉ። ጅራቱ እንደ ክር ሲቀጥን ዓለምን ናቀ አሉ። መልኩ አመድ ሲመስል ጸጋ ነው አሉ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን ሰጡት። አልጨበጠም። ደግመው ሰጡት። እግሩ ጣታቸው ላይ ተኛ እንጂ አልያዘም።

መሪጌታ እዚያው አፈር ላይ ተቀመጡ። «ገደልኩህ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ። ልጅ የላቸውም፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ አላወቁም።

የነፍስ አባታቸውን አባ ሀብተማርያምን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥድ ሥር ተቀምጠው አገኟቸው።

«አባ፣ አንድ ወዳጅ አለኝ።»

«እሰይ! እኔ እንኳ አንድም ያለዎት አይመስለኝም ነበር።»

«የቆላ ሰው ነው። ታሟል። ሥጋ ካልቀመሰ አይተርፍም፣ ቀኑ ደግሞ ሁዳዴ ነው። ምን ይበጀዋል?»

«ይኸ ምን ጥያቄ አለው? ለታመመ ይፈቀዳል። ይብላ።»

«እንዲያው በቀላሉ?»

«መሪጌታ፣ ይህን አጥተውት ነው? አምና ለእሜት አበበች ወተቱን የፈቀድሁ እኔ አይደለሁም?»

ከጥዱ ላይ ወፍ ተነሣች። መሪጌታ ወፏን ተከትለው ብዙ ጊዜ አዩ፤ ወደ አባ ለመመለስ ዐይናቸው እምቢ አላቸው።

«ፈቅደው ነበር?»

«እምቢ ብለውኝ በግዝት ነው ያስጠጣኋቸው።»

«ታዲያ እኔ ድንጋዩ ላይ ስቆም ምነው ዝም አሉ?»

አባ ሀብተማርያም መቋሚያቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ፈራሁዎ። ራሴን አሞኝ በዋዜማው ቅቤ ተቀብቼ ነበር። ጥምጥሜ ሥር እየቀለጠ ነበር፣ መሪጌታ። አፍንጫዎ ወደ እኔ እንዳይዞር... ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።»

መሪጌታ «ዋናው ማሰብዎ ነው» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አልወጣላቸውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት እያዩ ተለያዩ።

እንግዲህ ዝንብ ያስፈልጋል። ቅቤ በሌለበት፣ ከብት በሌለበት፣ እንደ መሪጌታ ቤት በተጠረገ ቤት ዝንብ ምን ሊሠራ ይገባል? የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ ያለው በአንድ ቦታ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ፣ በፈንታነሽ በረት። መሪጌታ ፈንታነሽ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ እስክትወርድ ጠበቁ። ከዚያ ባዶ የቀለም ቀንድ ይዘው፣ በስልሳ ዓመታቸው፣ አጥር ዘለው ገቡ።

ዝንብ መያዝ ጥበብ ነው፤ መሪጌታ አያውቁበትም። በሁለት እጃቸው ያጨበጭባሉ፣ ዝንቡ ይሄዳል። ከላሟ ጀርባ እስከ ጉልበታቸው እበት ውስጥ ገብተው ስምንተኛውን ወደ ቀንዱ ሲከቱ እንስራ መሬት ሲቀመጥ ሰሙ።

«ማነህ አንተ፣ ከላሜ ሥር?» ጥምጥሙ በላሟ ወገብ ላይ ብቅ አለ። ፈንታነሽ እጇን ባፏ ላይ ጫነች። «መሪጌታ! ምን ይሻሉ? ወተት ነው ያማረዎ?» ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ አነሣች፣ አፍንጫዋን ልክ እንደሳቸው አቀናች። «ሽታው ደረሰኝ!»

መሪጌታ ቀንዱን ከኋላቸው ደበቁት። ቀንዱ ግን በእጃቸው ውስጥ ይጮኻል።

«ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ዝንብ ነው።»

«ዝንብ?»

«ስምንት ነው። ይቅርታሽን፣ ያንቺ ዝንቦች ናቸው።»

«የኔ ዝንቦች! እና ምን ሊሆኑልዎ?»

ያን የዝንብ ዘበኛ የሚለውን ያጠኑትን መልስ ፈለጉት። ለካ ለሌላ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነው። «የታመመ አለብኝ» አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ሰሙት። አምና በዚሁ አጥር ሥር ይህችው ሴት ይህንኑ ብላቸው ነበር። ያኔ ዋንጫውን ሲያሸቱ ድምፅዋን አልሰሙም፤ አሁን ከአንድ ዓመት በኋላ ከገዛ አፋቸው ደረሳቸው። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ።

«ማነው የታመመ?» አለች ፈንታነሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንሽላሊት ነው።»

መጀመሪያ ሳቀች። ግድግዳ ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። «እናቴ መዋጥ ሲያቅታት በድንጋይ ላይ ሰቀሏት። ለእንሽላሊት ደግሞ እበት ውስጥ ይንበረከካሉ?»

«አዎ» አሉ መሪጌታ። 

ፈንታነሽ ብዙ አየቻቸው። ብትጮኽ መንደሩ በአንድ እስትንፋስ ይሞላ ነበር። አልጮኸችም። እንጨት አንሥታ የደረቀውን እበት ገለበጠችና ከሥሩ ነጭ ትል ለቅማ በኮባ ቅጠል አደረገችላቸው። «ዝንቡን ለማሳደድ አቅም የለውም። ለታመመ ለስላሳ ነው የሚሰጥ። እኔም ወተት የሰጠኋት ለዚያ ነበር» አለች። በሩ ላይ ደግሞ አስከትላ፣ «አይስጉ፣ አልናገርብዎም። ድንጋይ ላይ መቆም አልችልበትም» አለቻቸው።

ከስድብ ሁሉ ይህ ከበዳቸው።

ቆላዬ የመጀመሪያውን ትል አላየም። ሁለተኛውን በአፉ ጫፍ ቢያስነኩት ምላሱን አወጣ፣ ተወው። ሦስተኛውን ዋጠ። መሪጌታ አብረው ዋጡ። አራት ቀን በረት ሲመላለሱ፣ ትል ሲለቅሙ፣ ድንጋይ ሲያሞቁ ሰነበቱ፤ በአራተኛው ቀን ጣታቸውን ሲሰጡት ጨበጠ። በድካም፣ ግን ጨበጠ። ደስታቸው እስከ ቀትር አልቆየም። የሳቸው በሽተኛ እየዳነ፣ የፈንታነሽ እናት ግን ከአጥሩ ማዶ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደ ተቀመጡ ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋዩ ላይ ወጡ። ጣታቸውን ሲያነሡ የስንቱ እጅ ወደ አፉ እንደ ሄደ ባያችሁ!

«ሽታው ደረሰኝ!» አሉ። ሁሉም ደረቀ። «ከራሴ ቤት ነው። በሁዳዴ፣ በገዛ እጄ፣ ሥጋ አብልቻለሁ። የበላው እንሽላሊት ነው። የበላውም ዝንብና ትል ነው።»

ሕዝቡ እንደ በቆሎ ፈነዳ። አያሌው ከኋላ፣ «የዝንቡን ሻኛ ለማን ሰጡት፣ መሪጌታ?» ብሎ ጮኸ። መሪጌታ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። 

«አምና እዚህ ቆሜ ኮሶ ዛፍ ያለበትን ቤት አሳይቻችኋለሁ። በሽተኛ ነበረበት። ፈቃድም ነበረው። አልጠየቅሁም። ነግራኝም አልሰማሁም። እሜት አበበች አልበደሉም፤ እኔ በድያለሁ።»

አባ ሀብተማርያም ከደጀ ሰላሙ ጥላ ወጡና፣ «የፈቀድሁ እኔ ነኝ፤ ዝም ያልሁም እኔ ነኝ» አሉ።  አምና ዘወር ብለን ያየን ሁላችን፣ አሁን የት እንደምናይ ጠፋን።

መሪጌታ ከድንጋዩ ወረዱ። ከመንገድ ዳር የወፍጮ ስባሪ የሚያህል ሌላ ድንጋይ አንሥተው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው በጫንቃቸው ተሸክመው፣ እስከ ኮሶው ዛፍ ሄዱ። በደጃፉ አጎነበሱ።

«ማነው?» አሉ እሜት አበበች፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ።

«ቀለመወርቅ ነኝ። ይማሩኝ ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ዞሩ። ድንጋዩን አዩ፣ ጥምጥሙን አዩ፣ እበት የደረቀበትን ቁርጭምጭሚት አዩ። «በረት በረት ትሸታለህ፣ አንተ ሰው» አሉ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «ዓመት ሙሉ ይህን ግድግዳ አየሁ። ስንጥቁን ሁሉ አውቀዋለሁ። ይህን እወቅልኝ።»

«አወቅሁ።»

«በል አውርደው፤ ወገብህ ይሰበራል። ይቅር ለእግዜር።» ከዚያም፣ መሪጌታ ድንጋዩን ገና ሳያሳርፉ፣ «ያ ፍጥረትስ፣ ተረፈ?» አሉ።

በሆሳዕና እሜት አበበች ፈንታነሽን ተደግፈው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ገቡ። ሲመለሱም ከዘንባባቸው ቀንጥበው ለሙዳዩ ክዳን ቀለበት ሠሩለት። አሁንም እዚያው አለ።

መሪጌታ ተለወጡ ብለን ልንዋሽ አንችልም። ያ አፍንጫ የሚሞተው ከሳቸው በኋላ ነው። ረቡዕ ቀን ዛሬም አጥር ላይ ቆመው «ሽታው ደረሰኝ!» ይላሉ። ብቻ አሁን ሄደው በሩን ያንኳኳሉ፦ «የታመመ አለባችሁ?» የለም ከተባሉ ቅር ይላቸዋል። አለ ከተባሉ ግን ወዮለት ለበሽተኛው! ጎትተው የሞቀ ድንጋይ ላይ ያሰጡታል፣ በቅጠል ውኃ ያንጠባጥቡበታል፣ ፀሐይ ስትዞር ያዞሩታል። አያሌውን ንዳድ ይዞት ሲመጣ እንዲሁ አደረጉት። «መሪጌታ፣ እኔ ጅራት የለኝም እኮ» ቢላቸው፣ «ታዲያ መክሳትህን በምን ልወቅ?» ብለው ተቆጡት። ዳነ፤ የዳነው ሊያመልጣቸው ብሎ ነው ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቡ አለመነሣታቸውን ግን እሱ ራሱ ነው የሚያወራው።

አሁን ጉና ጉም እየለበሰ ነው፤ ፀሐይ ልትጠፋ፣ ድንጋዩ ሊቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ይህን ያነበብህም፣ ሲነበብ የሰማህም፣ አንተም አንድ ቀን በጣትህ ያሳየኸው በር አለ፤ የለም ብትል ሽታው ይደርሰናል። ዛሬውኑ ድንጋይ ተሸከም አንልህም። የምንለምንህ ትንሽ ነገር ነው። ያቺን አሁን ከእጅህ አጠገብ ያረፈችውን ዝንብ አትምታት። ክንፏን ሳትሰብር፣ በጭብጥህ ከድነህ፣ ወደ መሪጌታ ቤት ይዘሃት ስትሄድ፣ በመንገድህ ግን መጀመሪያ ያን በር አንኳኳና፣ እባክህ...